የጋሽ ወንድይፍራው ድምፅና የተነቀሉት ቁልፎች

«ጥሪ ጥሪ!» ስል «አቤት አቤት!» በሉኝ።

ምንድነው እሱ? ምሳ አልበላችሁም? በጥርስ መሃል የተባለ አቤት አልቀበልም። የእኛ የጎርፍ ማዶ ሰፈር ሰው አቤት ሲል የጎረቤት ዶሮ ከቆጥ ይወርዳል። በሉ እንደገና። ጥሪ ጥሪ!

አቤት አቤት!

እሱ ነው። አሁን ሰው መሰላችሁ።

አንዲት ሴት ነበረች፤ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገች። ወርቅ አላለች፣ ልብስ አላለች፣ አገር አሳዩኝ አላለች። የባሌን ድምፅ አንዴ ልስማ አለች። ይኸው ነው።

ሴትየዋ እትዬ ደብሪቱ ናት። ባሏ ጋሽ ወንድይፍራው የእድራችን ጠሪ ነበር። እናንተ ስልክ ጨብጣችሁ ስለተወለዳችሁ ጠሪ ምን እንደሆነ ላታውቁ ትችላላችሁ፤ ስሙ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት በማለዳ ድምፅ ማጉያውን አንጠልጥሎ ከድልድዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ የሚዞር ሰው ነው። «የእድራችን አባላት!» ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ሰው እስኪነቃ፣ ነጠላውን ፈልጎ እስኪያገኝ፣ ልቡን እስኪይዝ ይጠብቃል። ከዚያ የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠራል። ከነአባቱ! ስም አይቆርጥም ነበር። «ሰውየው ስሙ እንዲህ ሲጠራ የመጨረሻው ነው፤ ለምን ገምሼ እሰጠዋለሁ?» ይለኝ ነበር።

እኔ ደግሞ የእድሩ ድንኳን ተካይ ነኝ። እሱ ይጠራል፣ እኔ እተክላለሁ። እሱ ጉሮሮ፣ እኔ ትከሻ። ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው ይወጣን ነበር።

ታዲያ ጠሪው ራሱ ሲሞት ማን ይጥራ? ድምፅ ማጉያው አልጋው ስር ቀረ። ወሬው በስልክ ይተላለፋል ተባለ። ግማሹ ሰማ፣ ግማሹ አልሰማ፣ ግማሹ ስልኩ ተዘግቶ ነበር። ሦስት ግማሽ የለም ትሉኝ ይሆናል። እኔ ስድስተኛ ክፍልን በአጥሩ በኩል አይቼው ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ አትቁጠሩብኝ። ብቻ ድንኳኑን ተክዬ፣ አግዳሚውን ደርድሬ ዞር ስል የተቀመጠው ሰው ከአግዳሚው አነሰ። ባዶ እንጨት አይቼ አላውቅም፣ ያን ቀን አየሁ። ሰፈሩን በሙሉ ሲጠራ የኖረ ሰው ሳይጠራ ተቀበረ።

እትዬ ደብሪቱ አላለቀሰችም። ይሄ ነው ያስፈራን። ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። ምግብ ሲቀርብላት «እሺ» ትላለች፣ ሰው ሲያፅናናት «እሺ» ትላለች፤ ምግቡም ሳይነካ ይነሳል፣ ሰውየውም ሳይሰማ ይወጣል። አርባው ሲቃረብ ግን አንድ ቀን ጠራችኝ።

«ዘገየ።»

«አቤት እትዬ።»

«ድምፁ የሆነ ቦታ ተቀምጧል ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ትርሲት ቀድታዋለች። የእድሩ የኢንተርኔት ገፅ ላይ ነው ያለው።»

«እሱን አሰማኝ። አርባው ሳይወጣ። ሰውን ሁሉ ጠርቶ ሳይጠራ ሄደ፤ አንድ ጊዜ ራሱን ይጥራና ይውጣልኝ።»

እኔም ከዚህ የቀለለ ነገር የለም አልኩ። የእድሩ ጸሐፊ የአርባውን ጥሪ በየስልካችን ሲልኩ የድምፁን አድራሻ ከስሩ አድርገውት ነበር። መንካት ብቻ ነው፣ ይከፈታል። የእትዬን ስልክ ተቀበልኩ፣ ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ፣ ነካሁት።

ስልኩ ግራጫ ፊት አሳየኝ። «የተባለው ገፅ አልተገኘም» ይላል።

«አንተ ስልክ፣ ተናገር እንጂ!» አልኩት።

«ከየት አባቴ አምጥቼ?» አለኝ። «እኔ ሳጥን ነኝ። ድምፁ ያለው ገፁ ዘንድ ነው። ገፁ ካልመጣ አፍ የለኝም።»

ስልክ ያለ ገፅ አልናገርም አለ፤ እትዬ ደብሪቱም የባሏን ድምፅ ሳትሰማ ፍራሽ ላይ ቁጭ።

ወደ ገፁ ሄድኩ። እንዴት ሄድክ አትበሉኝ፣ ተረት ነው፣ በተረት የማይኬድበት የለም። ሩቅ አገር አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ፣ በሩን ዘግቶ ቁጭ ብሏል።

«ጠፋህ አሉ» አልኩት።

«የትም አልጠፋሁም፤ ይኸው አለሁ» አለኝ። «ሰው ደጄ ላይ ይመጣል፣ የማላውቀውን ስም ይጠራል፣ ይሄዳል። ስሜን ለሚመስል ሁሉ አቤት ካልኩ ይሄ ቤት ምን ሊሆን ነው? አንድ ምልክት ብትጎድል እንኳ አልወጣም። በሙሉ ስሜ ይጥሩኝ።»

ምን እለዋለሁ? የወንድይፍራው ተማሪ ነው መሰለኝ፤ ስም አይቆረጥም ይላል።

ገፅ ያለ ሙሉ ስሜ አልመጣም አለ፤ ስልክ ያለ ገፅ አልናገርም አለ፤ እትዬ ደብሪቱም የባሏን ድምፅ ሳትሰማ ፍራሽ ላይ ቁጭ።

ወደ አድራሻው ዞርኩ። «አንተ ነህ ለካ ጥፋተኛው! ገፁን በስሙ ጥራው እንጂ!»

አድራሻው ጋደም ብሏል፤ ረጅም ነው፣ ከስልኩ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ሄዶ ታጥፎ ይመለሳል። «በምን ልጥራው?» አለኝ። «እኔ ገመድ ነኝ። ስም የሚሆኑት እላዬ ላይ የታሰሩት ፊደሎች ናቸው። እነሱ አንነሳም ካሉ ባዶ ገመድ ምን ብሎ ይጮሃል?»

አድራሻ ያለ ፊደል አልጣራም አለ፤ ገፅ ያለ ሙሉ ስሜ አልመጣም አለ፤ ስልክ ያለ ገፅ አልናገርም አለ፤ እትዬ ደብሪቱም የባሏን ድምፅ ሳትሰማ ፍራሽ ላይ ቁጭ።

አንቺ፣ ማዛጋትሽን አየሁ። ገና ነው። ሰንሰለት ነው የያዝነው፤ እጅሽን ከፈታሽ ሁሉም ይወድቃል።

ፊደሎቹ ዘንድ ሄድኩ። ትርሲት ገፁን በራሳችን ፊደል ነበር የሰየመችው፣ «ወንድይፍራው ተክሌ» ብላ፣ ከነአባቱ። ፊደሎቹ ግን እንደኛ ሰፈር ሰው ተሰብስበው፣ ትከሻቸውን አቅፈው ቁጭ ብለዋል። ይንቀጠቀጣሉ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ብርድ ነው» አለኝ ትልቁ፣ ያ «ወ»።

«ምን ብርድ?»

«ፈረንጆች ያን የሽቦ መንገድ ሲሠሩ የራሳቸውን ፊደል ብቻ ነበር የሚያውቁት። የእኛ ዓይነቱ በዚያ መንገድ እንዲሁ አይሄድም። አንድ ፊደል ሦስት ካፖርት ደርቦ ነው የሚሄደው። እያንዳንዱ ካፖርት ላይ ቁጥርና የእነሱ ፊደል ተፅፏል። ደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ አለችው፤ ሁለት ትንንሽ ቀለበት፣ በመሃል ሰያፍ ክር። ፐርሰንት የምትሏት።»

«አውቃታለሁ! ሱቅ ውስጥ አይቻታለሁ።»

«እዚያ ሌላ ሥራ አላት። እኛ ዘንድ የካፖርት ቁልፍ ናት። እሷ ስትኖር መንገዱ ‹ይሄ የሌላ አገር ሰው ነው፣ ለብሶ ነው፣ አሳልፉት› ይላል። ስንደርስ ካፖርቱን አውልቀን ያው የድሮው ‹ወ›፣ ያው የድሮው ‹ን› እንሆናለን። በስሙና በአባቱ መሃል ያለችው ባዶ ቦታ እንኳ አንድ ካፖርት አላት፤ ባዶ ነሽ ተብላ አትቀርም። አሁን ግን ቁልፎቻችንን ሁሉ ነቅለው በየቦታቸው ሁለት ነጥብ አስቀመጡብን። ካፖርቱ ተበትኗል። እንዲህ ሆነን አንሄድም።»

ባዶዋን ቦታ አየኋት። ዳር ላይ ቆማለች፣ ምንም አትልም። አንጀቴን በላችው።

ፊደል ያለ ቁልፍ አልነሳም አለ፤ አድራሻ ያለ ፊደል አልጣራም አለ፤ ገፅ ያለ ሙሉ ስሜ አልመጣም አለ፤ ስልክ ያለ ገፅ አልናገርም አለ፤ እትዬ ደብሪቱም የባሏን ድምፅ ሳትሰማ ፍራሽ ላይ ቁጭ።

ቁልፉን ማን ነቀለው? መጠየቅም አያስፈልግ፣ ሰፈር ውስጥ ሁለት ነጥብ የሚዘራ ሰው አንድ ነው። ጸሐፊያችን ጋሽ ልሳነወርቅ። በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ቃልና ቃል ሁለት ነጥብ ሳይኖርበት ሲያዩ ጥርሳቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። እንኳን የእድር ጥሪ፣ የሱቅ ታፔላ ቆመው ያርማሉ። በረንዳቸው ላይ መነፅራቸውን ሲወለውሉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ የአርባውን ጥሪ እርስዎ ነዎት የፃፉት?»

«እኔ ነኝ። ምነው፣ ስህተት አለው?» ደነገጡ።

«አድራሻው ላይ የነበሩትን ምልክቶች ነቅለዋል?»

«እህ!» አሉና ፊታቸው በራ። «እሱን ነው? አላየኸውማ! የላከችው ልጅ ምን ነክቷት እንደሆነ እንጃ፣ በየሁለት ፊደሉ መሃል ጭረት! ጭረት! ጭረት! ጉንዳን ቀለም ረግጦ የሄደበት ነው የሚመስለው። ይሄ የሟች ጥሪ ነው፣ የሰው ክብር ነው አልኩና አንድ ባንድ አንስቼ በየቦታው ሁለት ነጥብ አኖርኩ። ጣቴ እስኪደነዝዝ። ለወንድይፍራው ምን ያንሰዋል?»

እንዴት ልቆጣ? በፍቅር ነው የነቀሉት። በፍቅር የተነቀለ ቁልፍ ደግሞ ለመመለስ ይከብዳል።

«ጋሼ፣ የካፖርት ቁልፍ ነው የነቀሉት።»

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንዴ፣ አንተ ቀልደኛ?»

«ይመልሱት። እትዬ ድምፁን መስማት ነው የምትፈልገው።»

መነፅራቸውን አደረጉ። «የእድር ፅሑፍ አንዴ ከወጣ ጸሐፊው በገዛ እጁ አይለውጥም። የእድሩ ሥርዓት ነው፣ እኔ ራሴ ነኝ ያረቀቅኩት። ሊቀመንበሩ ካላዘዙኝ አንዲት ነጥብ አላነሳም።»

ጸሐፊ ያለ ትእዛዝ ቁልፍ አልመልስም አሉ፤ ፊደል ያለ ቁልፍ አልነሳም አለ፤ አድራሻ ያለ ፊደል አልጣራም አለ፤ ገፅ ያለ ሙሉ ስሜ አልመጣም አለ፤ ስልክ ያለ ገፅ አልናገርም አለ፤ እትዬ ደብሪቱም የባሏን ድምፅ ሳትሰማ ፍራሽ ላይ ቁጭ።

ሊቀመንበሩ ሻምበል ጥላዬ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የሚያዙት ጎመን ብቻ ነው፤ ጎመኑም ተሰልፎ ነው የሚበቅለው። ውሃ ሲያጠጡ ደረስኩ።

«ሻምበል፣ ለጋሽ ልሳነወርቅ አንድ ትእዛዝ ይስጡልኝ። ሁለት ነጥቡን አንስተው ፐርሰንቱን ይመልሱ።»

«ለምን?»

«ቁልፍ ስለሆነ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የካፖርት።»

ሻምበል የውሃ ጣሳውን አስቀምጠው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ዘገየ፣ ጠጥተሃል?»

«በእናቴ ይሁንብኝ አልጠጣሁም!»

«ስማ። ካርታ ሳላይ ያዘዝኩት ትእዛዝ ነበር፤ ሰዎቼ ወንዝ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወዲህ በማላውቀው ነገር አላዝም። ልሳነወርቅ ልክ ነው ይላል፣ አንተ ስህተት ነው ትላለህ፤ አንተ ደግሞ ድንኳን ነው የምታውቀው። የሠራችው ልጅ ትምጣና ፊቴ ቆማ ‹ልኩ እንዲህ ነው› ብላ ትመስክር። ያኔ አዝዛለሁ።» ጣሳውን ሲያነሱ ግን ድምፃቸው ወረደ። «ቀብሩ ላይ አልነበርኩም፤ ታውቃለህ? ስልኬ ተዘግቶ ነበር። ለወንድይፍራው ሁለተኛ ልሳሳትበት አልፈልግም።»

ሻምበል ያለ ምስክር አላዝም አሉ፤ ጸሐፊ ያለ ትእዛዝ ቁልፍ አልመልስም አሉ፤ ፊደል ያለ ቁልፍ አልነሳም አለ፤ አድራሻ ያለ ፊደል አልጣራም አለ፤ ገፅ ያለ ሙሉ ስሜ አልመጣም አለ፤ ስልክ ያለ ገፅ አልናገርም አለ፤ እትዬ ደብሪቱም የባሏን ድምፅ ሳትሰማ ፍራሽ ላይ ቁጭ።

ትርሲት ድልድዩ ጋ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ቀልጣፋ ሴት ናት፤ እኔን ስታይ ሁልጊዜ «ጋሽ ዘገየ፣ ዛሬስ የማንን ድንኳን ልትጥለው ነው?» ትለኛለች። ያን ቀን አላለችኝም። ነገሩን ስነግራት ከማሽኑ ላይ ቀና አላለችም።

«አውቃለሁ። አይቼዋለሁ» አለችኝ። «ጥሪው ስልኬ ላይ ሲደርስ ነው ያየሁት። በሁለት ነጥብ አይከፈትም።»

«ታዲያ አይተሽ ዝም? ነይና ለሻምበል መስክሪ እንጂ!»

«አልመጣም ጋሼ።»

«ለምን?»

ማሽኑን አጠፋችው።

«የቀብሩ ቀን ድምፁን ላሰማት ስልኬን ይዤ ገባሁ። ትፅናናበታለች ብዬ። ገና ከፍቼው ድምፁ ‹እህ› ብሎ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተነሳችብኝ። ‹ውጪልኝ! የሞተ ሰው ድምፅ ይዘሽ ቤቴ አትግቢ!› አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አላለፍኩም።»

«ሐዘን ነው ልጄ። ሐዘን አፍ የለውም፣ ያገኘውን ይናገራል።»

«አውቃለሁ። ቂም አልያዝኩም። ግን ሁለተኛ ባቆስላትስ? ራሷ ከጠራችኝ እመጣለሁ።»

«እሷ ናት እኮ የላከችኝ!»

«አንተን ድምፁን አምጣ ብላ ነው የላከችህ። ትርሲትን አምጣ ብላ አልላከችህም።»

ልክ ናት።

ትርሲት ያለ ጥሪ አልመሰክርም አለች፤ ሻምበል ያለ ምስክር አላዝም አሉ፤ ጸሐፊ ያለ ትእዛዝ ቁልፍ አልመልስም አሉ፤ ፊደል ያለ ቁልፍ አልነሳም አለ፤ አድራሻ ያለ ፊደል አልጣራም አለ፤ ገፅ ያለ ሙሉ ስሜ አልመጣም አለ፤ ስልክ ያለ ገፅ አልናገርም አለ፤ እትዬ ደብሪቱም የባሏን ድምፅ ሳትሰማ ፍራሽ ላይ ቁጭ።

እንግዲህ ሰንሰለቱን ይዤ ይዤ የት ደረስኩ? ከተነሳሁበት በር። እትዬ ደብሪቱ እንደተቀመጠች ናት። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ስልኩን፣ ገፁን፣ ካፖርቱን፣ ሁለት ነጥቡን፣ ጎመኑን ሳይቀር። መጨረሻ ላይ የትርሲትን ነገርኳት።

ግድግዳውን ትታ ወደኔ ዞረች።

«አባረርኳት እንዴ?» አለች።

«አባረርሻት።»

«እኔ... የዚያን ቀን ሰው አላየሁም። ድምፁን ነው የሰማሁት። ‹እህ› ሲል። ከጓዳ የመጣ ነው የመሰለኝ። ተነስቼ ልሮጥ ነበር ዘገየ። ከዚያ ስልክ አየሁ።» እጇን አየችው። «ሳሳዝናት እሱም ሰምቷል ማለት ነው።»

«በይ ጥሪያት።»

«በምን ልጥራት? አርባው ሳይወጣ ከደጃፌ አልወጣም። ሰው ልላክባት?»

«ሰው ተልኮባት ነበር፤ እምቢ ብላለች። አንቺ ነሽ የምትጠሪያት።»

«መጥራት የእኔ ሥራ መቼ ነበር?» አለች። «በዚህ ቤት ጠሪ ነበረ። ጠሪው የለም።»

እትዬ ደብሪቱ ያለ ጠሪ አልጠራም አለች፤ ትርሲት ያለ ጥሪ አልመሰክርም አለች፤ ሻምበል ያለ ምስክር አላዝም አሉ፤ ጸሐፊ ያለ ትእዛዝ ቁልፍ አልመልስም አሉ፤ ፊደል ያለ ቁልፍ አልነሳም አለ፤ አድራሻ ያለ ፊደል አልጣራም አለ፤ ገፅ ያለ ሙሉ ስሜ አልመጣም አለ፤ ስልክ ያለ ገፅ አልናገርም አለ። እኔም ፍራሹ ዳር ቁጭ። የሚቀጥል ሰው አልነበረም። ሰንሰለቱ ራሱን ነክሶ ተኝቷል።

ቀልደኛው አጎታችሁ ያኔ ቀልድ አጣ። አልጋውን አየሁ። ከአልጋው ስር የድምፅ ማጉያው አፍ ትንሽ ወጥቶ ይታያል።

እሷም እሱን ነበር የምታየው።

ጎንበስ ብላ ሳበችው። አቧራ ለብሷል። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ አፉን፣ እጀታውን፣ የእሱ ጣት ያለሰለሰውን ቦታ። ተነሳች። ደጃፉ ላይ ሄዳ ቆመች፤ አንድ እግሯ እንኳ ከደፉ አላለፈም።

«መጀመሪያ ምን ነበር የሚያደርገው?» አለችኝ።

«ይተነፍሳል» አልኳት። «ከዚያ ይጠብቃል።»

ተነፈሰች። ጠበቀች። ከዚያ ጠራች።

«ትርሲት ገብረፃድቅ!»

ከነአባቷ! ስም አልቆረጠችም።

«ትርሲት ገብረፃድቅ! ደብሪቱ ነኝ። አስቀይሜሻለሁ። ነይልኝ ልጄ።»

ድምፁ አጥሩን ዘለለ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ወፍጮ ቤቱን መትቶ ተመለሰ። ወፍጮው ቆመ። የሚከትፍ ቢላዋውን አስቀመጠ፣ የሚያጥብ ውሃውን ዘጋ። ያ ድምፅ ማጉያ ጋሽ ወንድይፍራው ከሞተ ጀምሮ አፉን አልከፈተም ነበር። ሰው ሁሉ «ማን ሞተ?» እያለ ነጠላውን እየጎተተ ወጣ።

ትርሲት ሮጣ ነው የመጣችው። የፎቶ ኮፒ ቤቱን በር እንኳ አልዘጋችም። እትዬ ደብሪቱ አንገቷን ስባ አቀፈቻት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ የምሰማ መስዬ ቆሜ ነበር፣ ግን አልሰማሁም።

አሁን ሩጡ! እትዬ ደብሪቱ ጠራች። ትርሲት መሰከረች፤ ሻምበል ግቢው በር ላይ ደርሰው ነበርና ፊታቸው ቆማ «ሻምበል፣ በየሁለት ነጥቡ ቦታ ፐርሰንት፣ ልኩ እንዲህ ነው» አለች። ሻምበል «ጸሐፊ!» ብለው አዘዙ፤ ጎመኑ ሳይቀር ቀጥ ያለ ይመስለኛል። ጋሽ ልሳነወርቅ «ያለ ሁለት ነጥብ...» ሊሉ ጀመሩና እትዬ ደብሪቱን አዩ፤ ስልካቸውን አወጡ፣ ቁልፎቹን አንድ ባንድ መለሱ፣ የባዶዋን ቦታ ቁልፍ ሳይቀር፤ ጥሪውንም እንደገና ላኩ። ፊደል ለብሶ ተነሳ። አድራሻ ተጣራ። ገፅ ሙሉ ስሙን ሰምቶ አቤት አለ። ስልክ አፉን ከፈተ።

ትርሲት ስልኩን የድምፅ ማጉያው መናገሪያ ላይ ደገፈችው። ግቢው ሞልቷል፤ አጥሩ ላይ ሰው ተደርድሯል። የሞት ጥሪ ነው የምንጠብቀው፤ ራሱን ሊጠራ ነው ብለን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

መጀመሪያ «እህ» አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ ደብሪቱ የእጄን አንጓ ያዘች።

«የእድራችን አባላት!» አለ ጋሽ ወንድይፍራው።

ዝም አለ። እንደ ወትሮው። ጠበቀን።

«ይሄ አዲሱ ድምፅ ማጉያ ነው። ሙከራ ነው። የሞተ ሰው የለም። እደግመዋለሁ፣ የሞተ ሰው የለም። ሁላችሁም አላችሁ። ማንም አይደንግጥ፤ ወደየቤታችሁ ግቡ፣ ሥራችሁን ሥሩ።»

ቀረፃው ያው ነው፤ ማጉያው የመጣበት ቀን ሙከራ። ትርሲት ሌላ አልቀዳችም። ከዚያ ድምፁ ከማጉያው ራቅ ብሎ፣ ለሰፈር ሳይሆን ለቤት የሚወራ ዓይነት ሆኖ፣ እንዲህ አለ።

«ትርሲት፣ ቤት ድረስ ይሰማል ይመስልሻል? ቆይ እስኪ። ደብሪቱ! ደብሪቱ በላቸው! ከሰማሽኝ አቤት በይ።»

ከዚያ ዝምታ ነው። መልስ የሚጠበቅበት ቦታ ነው። ያን ቀን ወፍጮ ቤት ሄዳ ኖሮ አልሰማችውም፤ መልስ የለውም፣ ባዶ ነው።

«አቤት» አለች እትዬ ደብሪቱ። «አቤት ወንድይፍራው። ሰምቼሃለሁ።»

ከዚያ አለቀሰች። ቤቱ ውስጥ የታፈነው ሁሉ ያኔ ወጣ። እሷን ተከትሎ ሻምበል፣ ሻምበልን ተከትሎ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ከዚያ ግቢው፣ ከዚያ አጥሩ። እኔ? እኔን ተዉኝ፤ አቧራ ነበር።

ጋሽ ወንድይፍራው ጠርቶን ሳንታዘዘው የቀረነው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ወደየቤታችሁ ግቡ አለን፣ አልገባንም። አግዳሚዎቹን ከመጋዘን አወጣሁ፣ ድንኳኑን ተከልኩ፤ አርባው ገና ነው ቢሉኝም ተከልኩ። ሰው ተቀመጠ፣ ተጠጋጋ፣ ገና ይመጣል። አግዳሚ አነሰኝና ከጎረቤት እድር ተዋስኩ።

ጥሪዬን ጠራሁ፤ አቤታችሁን መልሱልኝ። ቀስ ብላችሁ በሉት ግን። ዶሮው ይተኛ።